ወደ ዋትሱ ስልጠና ከመግባትዎ በፊት፦ በሞቀ ውሃ ውስጥ የሚያልፈው ሳምንት ምን ይጠይቃል?

ዋትሱ ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ውሃ ውስጥ አንዱ ሰው ሌላውን በክንዱ ደግፎ እያንሳፈፈ፣ በቀስታ እያወዛወዘ፣ መገጣጠሚያዎቹን እያፍታታና ጡንቻዎቹን እየዘረጋ የሚያሳርፍበት የሰውነት እንክብካቤ ነው። ጀማሪው ሃሮልድ ዳል የተባለ አሜሪካዊ ገጣሚና የሺያትሱ፣ ማለትም በጣት በመጫን የሚሰጥ የጃፓን ማሳጅ፣ ባለሙያ ነበር። በጃፓን የቀሰመውን የዜን ሺያትሱ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1980 በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሚድልታውን በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የሃርቢን ፍልውሃ ገንዳ ውስጥ ይሞክረው ጀመር። ምንጣፍ ላይ በተኛ ሰው ላይ ይሠራ የነበረው የመዘርጋት ሥራ ወደ ውሃ ሲገባ አከርካሪው ከወለሉ ጫና ነፃ ስለሚሆን፣ በመሬት ላይ የማይቻሉ እንቅስቃሴዎች ተቻሉ። ሃርቢን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በተነሳው ከባድ የሰደድ እሳት ወድሞ ገንዳዎቹን እንደገና ለእንግዶች የከፈተው በ2019 መጀመሪያ ላይ ነው። ሙያው ግን ከዚያ አስቀድሞ ከካሊፎርኒያ ወጥቶ በስዊዘርላንድ፣ በጣሊያን፣ በብራዚል፣ በጃፓንና በእስራኤል ጭምር የሚሰጥ ትምህርት ሆኖ ነበር።

ለዚህ ስልጠና የሚመዘገብ ሰው፣ በተለይም ፊዚዮቴራፒስት ወይም የማሳጅ ባለሙያ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የእጅ ጥበብ ነው። የት ቦታ መጫን እንዳለበት፣ የትኛውን እንቅስቃሴ ከየትኛው አስቀድሞ እንደሚያደርግ፣ ለየትኛው ሕመም የትኛው እንደሚበጅ ተምሮ ሊወጣ ያስባል። እነዚህ ሁሉ በርግጥ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን የሳምንቱ ዋና ሥራ እነርሱ አይደሉም። የሚሠለጥነው በቅድሚያ የሰጪው የራሱ ሰውነት ነው፤ እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ምን ያህል ዝግ ማለት እንደሚችል። ከስልጠናው ሰዓት ግማሽ ያህሉ ደግሞ የሚያልፈው ሌላው ሰልጣኝ እየተለማመደብዎ በውሃው ላይ ተንሳፍፈው ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ሰው በሁለተኛው ቀን «መቼ ነው የምንማረው?» ብሎ ይጨነቃል፤ የተረዳ ሰው ግን ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ይማራል።

ዋትሱ አንድ የሚባለው የመጀመሪያው ሙሉ ኮርስ በተለምዶ 50 ሰዓት ነው፤ በስድስት ወይም በሰባት ቀን ተጠቃሎ ሲሰጥ በቀን ሰባትና ስምንት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ከእርሱ በፊት በሁለት ወይም በሦስት ቀን የሚያልቅ አጭር መግቢያ አለ። በሙያው የሚታወቅ ባለሙያ ለመሆን ደግሞ የሰውነት አወቃቀር ትምህርትንና የተመዘገበ ልምምድን ጨምሮ በጠቅላላው 500 ሰዓት ያህል ይጠየቃል። በሕይወቱ አንድም ጊዜ በሌላ ሰው ክንድ ላይ ተንሳፍፎ የማያውቅ ሰው በቀጥታ ወደ 50 ሰዓቱ እንዲገባ አልመክርም። ከተቻለ አስቀድሞ ከአንድ ባለሙያ ዘንድ አንድ ሙሉ አገልግሎት ማግኘት፣ ካልተቻለም አጭሩን መግቢያ መውሰድ ይበጃል፤ ምክንያቱም ውሃው የማይስማማው ሰው አለና፣ ይህንም የውጭ አገር ቲኬት ከተቆረጠና ሙሉ ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ማወቅ ያሳዝናል።

ዋና አለመቻል እንቅፋት አይሆንም። ብዙዎቻችን፣ በተለይ በደጋ ያደግን፣ ዋና ሳንማር ጎልማሳ የሆንን ነን፤ በዚህም ምክንያት እንዲህ ያለውን ትምህርት ከጅምሩ ለእኛ እንዳልሆነ የምንቆጥር አለን። ዋትሱ ግን የሚሰጠው ቆመው ውሃው ደረት ላይ በሚደርስበት ገንዳ ሲሆን፣ የተቀባዩም ፊት ሁልጊዜ ከውሃ በላይ ነው። የሚያስፈልገው ጆሮ ውሃ ውስጥ ሲገባ አለመደንገጥና በጀርባ ተንጋሎ መቆየት መቻል ነው። ይህን በሰፈር ገንዳ ከሚተማመኑበት ሰው ጋር ጥቂት ጊዜ ቢለማመዱት ይበቃል። ተቀባዩ አፍንጫውን በመቆንጠጫ ዘግቶ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚገባበት ሌላ ዘርፍ አለ፤ በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና የውሃ ውዝዋዜ ልንለው የምንችለው ነው። ይህ ለብቻው የሚሰጥ ትምህርት ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ይገጥመኛል ብለው አይስጉ።

ሲመዘገቡ የጤና መጠይቅ ይሰጥዎታል፤ በእውነት ይሙሉት። ትኩሳት፣ ያልዳነ ቁስል፣ ተላላፊ የቆዳ በሽታ፣ የተቀደደ የጆሮ ታምቡር፣ በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታ፣ ከባድ የልብ ድካምና ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወደ ገንዳው ከመግባት የሚያግዱ፣ ወይም ቢያንስ አስቀድሞ የሐኪም ፈቃድ የሚጠይቁ ናቸው። የአንገት ወይም የወገብ ዲስክ ችግር ያለበት ሰው ለአሰልጣኙ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ልምምድ ለሚይዘው ሰልጣኝም መናገር አለበት። መኪና ሲሄድ የሚያስመልሰው ሰው በውሃው ላይ ሲሽከረከርም ሊያጥወለውለው ስለሚችል ይህንንም መግለጽ ይገባዋል፤ መፍትሔውም ቀላል ነው፣ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ክብ መዞሩም ይቀነሳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ተቀባይ መሆኗ የተለመደ ቢሆንም፣ በቀን ለብዙ ሰዓት ለሚቆይ ስልጠና ግን ከሐኪሟ ጋር መመካከር ይኖርባታል።

የቀኑ አካሄድ እንደየአሰልጣኙ ቢለያይም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ጠዋት በደረቅ መሬት ይጀመራል። ሰልጣኞች በክብ ተቀምጠው ያለፈው ቀን ምን እንዳሳያቸው ይነጋገራሉ፣ ቀለል ባለ እንቅስቃሴ ሰውነታቸውን ያፍታታሉ፣ አሰልጣኙም የዕለቱን እንቅስቃሴ ያሳያል። ከዚያ ወደ ገንዳው ይገባሉ፤ አሰልጣኙ በአንድ ሰው ላይ ያሳያል፣ ሰልጣኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሞክራሉ፣ ይቀያየራሉ፣ ጥንዱም ይለወጣል። ከምሳ በኋላም እንዲሁ ይቀጥላል። ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ሲቃረብ የተናጠል እንቅስቃሴዎቹ ተያይዘው አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሙሉ አገልግሎት መስጠትና መቀበል ይጀመራል። በዚህ ሂደት ውስጥ ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ያለው ሰው ይቸገራል፤ ገንዳ ውስጥ ደብተር የለምና። ስለዚህ ማታ ከመተኛት በፊት የዕለቱን ቅደም ተከተል በራስ ቋንቋ መጻፍ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅም የጥናት ዘዴ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት እጅ የሚያስታውሰው ማታ የተጻፈውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አቋቋሙ እንምጣ። ሰጪው እግሮቹን ሰፋ አድርጎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ውሃው ብብቱ ድረስ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ ይቆማል። እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው እግሩ የሚሸከመው ክብደት በየብስ ከሚሸከመው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ዝቅ ብሎ የቆመ ሰጪ ክንዶቹንም የያዘውንም ሰው ውሃው ይሸከምለታል። ጉልበቱን አቅንቶ የቆመ ሰጪ ግን በትከሻውና በወገቡ ያነሳል፤ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይም ጀርባውን ያመዋል። አሰልጣኞች ቀኑን ሙሉ «ዝቅ በሉ» እያሉ የሚመላለሱት ለዚህ ነው። ጭኑና ዳሌው ያልለመደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይዝላል፤ ስለዚህ ከስልጠናው በፊት ባሉት ሳምንታት ጉልበት አጥፎ መቆምን፣ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ማዛወርን፣ ደረጃ መውጣትንና መውረድን ቢለማመዱ ብዙ ይረዳዎታል። ክንድ ማጠንከር ያን ያህል አያስፈልግም። ጡንቻቸው የዳበረ ሰልጣኞች ኃይላቸውን ለመርሳት የሚወስድባቸው ጊዜ ከሌሎቹ ይረዝማል።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ተቀባዩ በጀርባው ተንጋሎ፣ የራስ ቅሉ የኋላ ሥር በሰጪው ክርን እጥፋት ላይ አርፎ፣ የሰጪው ሌላ እጅ ከዳሌው ሥር ሆኖ፣ ሁለቱም ምንም ሳያደርጉ ይቆማሉ። ተቀባዩ አየር ሲስብ ሳንባው ስለሚሞላ ሰውነቱ በራሱ ከፍ ይላል፤ ሲያስወጣ ይሰጥማል። ሰጪው ይህን ከፍና ዝቅ አይፈጥረውም፣ ይከተለዋል። እርሱም አብሮ እየተነፈሰ፣ ሲያስወጣ ጉልበቱን ጥቂት እያጠፈ፣ ሲስብ ውሃው ሁለቱንም እንዲያነሳቸው ይፈቅዳል። ኋላ የሚመጡት እንቅስቃሴዎች በሙሉ፣ እግርን ማጠፍና መዘርጋት፣ አከርካሪን እንደ ማዕበል ማወዛወዝ፣ ዳሌን ማዞር፣ ከዚህ ትንፋሽ ይነሳሉ፣ ወደዚሁም ይመለሳሉ። ሰልጣኝ የሚቀጥለው እንቅስቃሴ ሲጠፋው ማድረግ ያለበትም ይኸው ነው፦ ወደ ትንፋሹ ተመልሶ መቆየት። ተቀባዩ ይህን እንደ መርሳት አያውቀውም፤ ብዙ ጊዜ «ከአገልግሎቱ ሁሉ የወደድኩት ጸጥ ያልንበትን ነው» የሚለውም ይህን ነው።

ሦስተኛው የራስና የአንገት አያያዝ ነው፤ እዚህ ላይ አሰልጣኝ ቢቆጣ ይገባዋል። ሰጪው ሲራመድ መቅደም ያለበት የሰጪው ደረት ወይም ዳሌ እንጂ የተቀባዩ ራስ አይደለም፤ አንገት እየተገፋ ሳይሆን እየተጎተተ መከተል አለበት። አገጭ ወደ ላይ ተንጋሎ የአንገት ኋላ እንዳይታጠፍ፣ ውሃ ወደ አፍንጫ እንዳይገባ፣ ሲዞሩም ማዕበሉ በፊት ላይ እንዳይፈስ ዓይን ከተቀባዩ ፊት አይነሳም። በተጨማሪም ሰው ሁሉ እኩል አይንሳፈፍም። ቀጭንና ጡንቻማ ሰው፣ በተለይም ወንድ፣ እግሩ ይሰጥማል፤ እግር ሲሰጥም ወገብ ይታጠፋል፣ አንገትም ይሳባል። ለእንዲህ ያለው ሰው በጉልበቱ አካባቢ የሚታሰር ቀላል መንሳፈፊያ አለ። ሰልጣኙ መንሳፈፊያውን አስቀድሞ ማሰር እንጂ መሃል ላይ ሲቸገር መፈለግ የለበትም።

የአገልግሎቱ መጨረሻም እንደ ጅማሬው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰጪው ተቀባዩን በቀስታ ወደ ገንዳው ግድግዳ አምጥቶ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩ ወለሉን እስኪነካ ይጠብቃል፤ ከዚያም እጁን አንስቶ ጥቂት ወደ ኋላ ይላል፣ ተቀባዩ ዓይኑን በራሱ ጊዜ እስኪገልጥም አይናገርም። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ፤ ወዲያው «እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ተቀባዩ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ክብደቱን ሳይሸከም የቆየ ሰው ነውና ሊያዞረው ይችላል፤ ከገንዳው የሚወጣበትን ደረጃ ሲወጣም ሰጪው አጠገቡ ሊሆን ይገባል።

መቀበል ከመስጠት ይልቅ ለብዙዎቻችን ከባድ መሆኑን ማንሳት ይኖርብኛል። እንግዳን ማስተናገድ እንጂ መስተናገድ ያልለመደ፣ ለሌላው ሲያገለግል እንጂ ሲገለገል ምቾት የማይሰማው ሰው በውሃው ላይ ራሱን ሊያግዝ ይሞክራል፦ እግሩን ራሱ ያነሳል፣ አንገቱን ያደነድናል፣ የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ ገምቶ ይቀድማል። ይህ ሰጪውን ያሳስተዋል፣ ራሱንም ያደክመዋል። ጠቃሚው ነገር ሰውነትዎ የት ቦታ ላይ «እረዳለሁ» እንደሚል ልብ ማለት ነው፤ ያንኑ ቦታ ነገ በሌላው ሰው ሰውነት ላይ በእጅዎ ያውቁታልና። ጆሮ ውሃ ውስጥ ስለሆነ መነጋገር አይቻልም፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ምልክት ይስማሙ። እጅን ማንሳት «አቁም» ማለት ሊሆን ይችላል። ምልክቱን መጠቀም ነውር አይደለም፤ ለሰጪው ከሁሉ የላቀ ትምህርት ነው።

አንዳንድ ሰው በውሃው ላይ ያለቅሳል። ምክንያቱን ራሱም ላያውቀው ይችላል፤ ያረጀ ሐዘን፣ ድካም፣ ወይም በልጅነት ከታቀፈ ወዲህ እንዲህ ያልተያዘ መሆኑ ሊሆን ይችላል። ጥሩ አሰልጣኝ በዚህ ጊዜ ሰጪው እንዳይደነግጥ፣ እንዳያጽናና፣ እንዳይጠይቅም ያስተምራል፤ እንቅስቃሴውን አዘግይቶ መያዝ ይበቃል። ስልጠናው የሥነ ልቦና ሕክምና አይደለም። ከባድ የስሜት ጉዳት ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ በስደት ጉዞ ላይ ውሃ ያስፈራራው ወይም በአካሉ ላይ በደል የደረሰበት፣ ከመመዝገቡ በፊት ከአማካሪው ጋር ቢነጋገርና ለአሰልጣኙም ቢያሳውቅ ራሱን ይጠብቃል።

መታቀፍን በተመለከተ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። በዋትሱ የሁለት ሰዎች ሰውነት ይቀራረባል፤ ጥንዶቹም ወንድና ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። ሃርቢንን ጨምሮ በአንዳንድ የፍልውሃ ማረፊያዎች ለሕዝብ ክፍት በሆኑት ገንዳዎች ያለ ልብስ መግባት የተፈቀደ ነው፤ በእኛ አስተዳደግ ላደገ ሰው ይህን ቦታው ላይ ደርሶ ማወቅ ያስደነግጣል። ስለዚህ በስልጠናው ሰዓት የመዋኛ ልብስ ግዴታ መሆኑን፣ ማደሪያው የት እንደሆነ፣ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ብቻ መለማመድ ይቻል እንደሆነ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። በግልጽ የማይመልስ ትምህርት ቤት ይቅርብዎ። ማንኛውንም እንቅስቃሴ አልፈልግም የማለት መብት በመጀመሪያው ቀን መነገር ያለበት ደንብ ነው።

አሁን ስለ ሰውነት ጥበቃ። ውሃው አካልን ከውጭ ስለሚጫን ደም ወደ ደረት ይሰበሰባል፣ ኩላሊትም ፈሳሽ በዝቷል ብሎ ስለሚያስወጣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። በዚህ ላይ ሙቀቱ ሲታከል፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ ውሃ የሚጠማ ሰው ያጋጥማል። ጠርሙስዎን ገንዳው ዳር ያስቀምጡ፣ በየእረፍቱም ይጠጡ። ይህ የጾምን ጉዳይ ያነሳል። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት እህልና ውሃ ሳይቀምሱ፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ እንዲህ ያለውን ሳምንት ማለፍ ለራስ ብቻ ሳይሆን በክንድዎ ላይ ለተኛው ሰውም አደጋ አለው። ስለዚህ የስልጠናውን ቀን ከጾሙ ወቅት ውጪ መምረጥ፣ ካልሆነም ከንስሐ አባት ወይም ከሃይማኖት መምህር ጋር አስቀድሞ መመካከር ይሻላል።

የውሃው ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሙቀትን ስለሚያስተላልፍ፣ የማይንቀሳቀሰው ተቀባይ ጥቂት በቀዘቀዘ ውሃ እንኳ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በጣም ሲሞቅ ደግሞ የሚሠራው ሰጪ ይደክማል፣ ራሱንም ያዞረዋል። ከገንዳው ሲወጡ ብርዱ ስለሚሰማ ወፍራም ፎጣ ይያዙ፤ ጋቢ የያዘ ሰው ደግሞ በእረፍት ሰዓት ከሁሉ የተሻለ ሞቆ ይቀመጣል። የመዋኛ ልብስ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሲደርቅ አንዱ እንዲለበስ። ጆሮ በየምሽቱ በደንብ መድረቅ አለበት፤ የጆሮ ቱቦ ኢንፌክሽን የሚይዘው ሰው መድፈኛ ይጠቀም። ክሎሪን ቆዳን ስለሚያደርቅ ከገንዳው በኋላ ታጥቦ ቅባት መቀባት ይገባል፤ ከመግባት በፊት ግን ቅባትም ቅቤም ሽቶም አይቀባም፣ ውሃውን ያበላሻል፣ የሰጪውንም እጅ ያንሸራትታል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ሳምንቱን በቀላሉ ታልፋለች፤ ፈታ ያለ ረጅም ፀጉር ግን በሰጪው ክንድ ሥር እየተያዘ ስለሚጎትት መጠቅለል አለበት። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ይውለቁ፣ ጥፍርም ይቆረጥ። የአንገት ማተብ የማያወልቅ ሰው በሚያዝበት ጊዜ እንዳያንቀው አጥብቆ ያሳጥረው።

ሰርተፍኬቱን በሚመለከት አትሳሳቱ፤ ኮርሱን መጨረስ በክፍያ ለመሥራት ፈቃድ አይሰጥም። በአሜሪካ ሕጉ እንደየግዛቱ ይለያያል። በካሊፎርኒያ የማሳጅ ባለሙያ ማረጋገጫ ለማግኘት 500 ሰዓት፣ በኒውዮርክ ፈቃድ ለማውጣት 1000 ሰዓት ትምህርት ይጠየቃል፤ የዋትሱ ሰዓት ከዚህ ውስጥ መቆጠር አለመቆጠሩን ትምህርት ቤቱን ሳይሆን ፈቃድ ሰጪውን አካል መጠየቅ ይገባል። ለሚያክሙትም ሰው የሚነግሩት ከማስረጃው አይለፍ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ዋትሱ ሕመምን በማስታገስ፣ በእንቅስቃሴና በስሜት ደህንነት ረገድ ጠቃሚ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል፤ ጥናቶቹ ግን አብዛኞቹ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የያዙ ነበሩ። «ይፈውሳል» ማለት አይቻልም፤ «ያሳርፋል፣ ሕመምን ሊያቀልልም ይችላል» ማለት ይቻላል።

ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ሶደሬን፣ ወንዶ ገነትንና የመሳሰሉትን ፍልውሃዎች አስቦ ልቡ ይነሳሳል፤ ሊነሳሳም ይገባዋል። ነገር ግን ከምንጩ የሚወጣው ፍልውሃ ለዋትሱ ከሚያስፈልገው በጣም የሚሞቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ቴርሞሜትር ይዞ ገንዳውን በተለያየ ሰዓት ሳይለኩ ሥራ መጀመር አይገባም። የገንዳው ጥልቀት እኩል ሆኖ ደረት ላይ መድረስ፣ ወለሉ አለመንሸራተት፣ ስፋቱም የተዘረጋን ሰው ግድግዳ ሳይነካ ለማዞር መብቃት አለበት። የገላ መታጠቢያ ገንዳ አይበቃም፤ በዋናተኞች የተጨናነቀ የሕዝብ ገንዳም ቢሆን በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግሮ ካልሆነ አይሠራም።

ከስልጠናው በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ትምህርቱ የሚጸናባቸው ወይም የሚጠፋባቸው ናቸው። ከመለያየትዎ በፊት በአቅራቢያዎ የሚኖር አንድ ሰልጣኝ ይዘው የልምምድ ቀን ይቁረጡ፤ ለቤተሰብና ለወዳጅ ያለ ክፍያ ይስጡ። የያዙትን ሰው ቁመና፣ የውሃውን ሙቀት፣ እግሩ መስጠም አለመስጠሙን፣ ሲጨርስ ያለውንም በየጊዜው ይመዝግቡ፤ ቀጣዩ ኮርስ ሲደርስ አሰልጣኙ በቅድሚያ የሚጠይቅዎ ይህን መዝገብ ነው።